ቆቃ ካሳው፣ ስድስት ኪሎ ምስክሩ

የዛሬዋ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ትላለች። ሻይ ቡና እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቧት። ርእሷ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመ ነሐስ ነው፤ መነሻዋ ግን እዚሁ ደጃችን ያለው ቆቃ ነው።

አዳማ ያለን ሰዎች ቆቃን የምናውቀው በዓሣውና በጉማሬው ነው። ቅዳሜ ወጣ ብለን ዓሣ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ግድቡ በምን ገንዘብ እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 43 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጨው ይህ ግድብ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ይደነግጋል። የከፈለችው ከዚያ ያነሰ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ በአምስቱ ዓመት ወረራ ላለቀው ሕዝብ የተከፈለ ካሳ ይኸውላችሁ ተብሎ በጣት ሊጠቆም የሚችል ነገር ካለ አንዱ ቆቃ ነው።

ታዲያ የካቲት በደረሰ ቁጥር የወረራውን ታሪክ ሳስተምር ከተማሪዎች አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ያን ሁሉ ሰው የገደሉት ታሰሩ?" ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካሳ የገንዘብ ነገር ነው፤ ልጁ የሚጠይቀው ስለ ፍርድ ነው። መልሱ አጭርና መራራ ነው፦ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ አንድም የጣሊያን ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ቆሞ አልተፈረደበትም። አንድም!

ፍርድ ቤቱ ያልሠራውን ሥራ የሠራ ግን አለ። እሱም ነሐስ ነው።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ታክሲ ስትይዙ ረዳቱ "ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ" ሲል ትሰማላችሁ። እዚያ አደባባዩ መሀል 28 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐውልት ቆሟል። ብዙ ሰው ቀና ብሎ ጫፉን ያይና ያልፋል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከታች ነው፤ ሐውልቱን የከበቡት የነሐስ ቅርጾች። በአንድ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በር አለ። በበሩ ገብታችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ። ውጭ ያለው ነሐስ የሚናገረው ነገር የተጀመረው ውስጥ፣ ሙዚየሙ ባለበት ግቢ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው ታሪኩን በግማሹ ነው ያየው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ በዚያን ጊዜ የሙሶሊኒ እንደራሴ ሆኖ ገነተ ልዑል ተቀምጧል። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ስለነበር ለደስታው ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ የከተማው ድሃ ሁሉ ወደ ግቢው ተጠራ። ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር፣ አካል ጉዳተኛ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሁሉም መጣ። ወደ እኩለ ቀን ገደማ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት የኤርትራ ልጆች ባለሥልጣናቱ ወደተሰበሰቡበት ደረጃ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ፤ አልሞተም። ሁለቱ ወጣቶች ከግቢው አመለጡ። አብሯቸው ያሴረውና በመኪናው የረዳቸው ስምዖን አደፍርስ በኋላ ተይዞ በስቃይ ብዛት ሞተ።

ከዚያ የሆነውን ነው እንግዲህ ነሐሱ የሚናገረው። መጀመሪያ የተተኮሰው ግቢው ውስጥ በነበሩት ድሆች ላይ ነው። በሩ ተዘጋ፣ መሣሪያው ተጠመደ፣ ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሰው እዚያው ረገፈ። ልብ በሉ፤ ዛሬ ተማሪ ደብተር ይዞ የሚያልፍበት፣ ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ የሚገባበት ግቢ ማለት ነው።

ቀጥሎ የከተማው የፋሺስት ፓርቲ አለቃ ጉይዶ ኮርቴሴ ለሰዎቹ ሦስት ቀን ፈቀደላቸው። ሦስት ቀን የፈለጋችሁትን አድርጉ ማለት ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ብቻ ሳይሆኑ ተራ ጣሊያናዊ ሲቪሎችና ሠራተኞችም ዱላ፣ ጩቤና ቤንዚን ይዘው ወጡ። የሣር ቤቶችን ሰው በውስጣቸው እንዳለ አቃጠሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሳይቀር በእሳት ተለኮሰ። የተማሩ ወጣቶች በተለይ እየተለቀሙ ተገደሉ። እሳቱ አዲስ አበባ ላይም አላቆመም። በግንቦት ወር ደብረ ሊባኖስ ገዳም ደረሰ፤ ራሱ ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት፣ ቆይቶም 129 ዲያቆናት ማስረሸኑን አስታውቋል። በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ የገዳሙን ሟቾች ቁጥር ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰው ሞተ? የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይላል። አንዳንድ ሰው በቁጥሩ ልዩነት ላይ ሲጨቃጨቅ አያለሁ። የታሪክ ተማሪ ቁጥር መመርመር አለበት፣ ልክ ነው። ግን አነስተኛውን ግምት እንኳ ብንወስድ፣ በሦስት ቀን 19,000 ሰው! ቁጥሩ ለአእምሮ ከበድ ካለ የምታውቁትን ትልቁን ስታዲየም አስቡና ሰውን በሰው ሙሉት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ጦርነቱ ሲያበቃ ኢትዮጵያ ዝም አላለችም። መጀመሪያ ላይ "የጦር ወንጀል የሚጣራው ከ1939 ወዲህ ለተጀመረው ጦርነት ነው፣ የእናንተ ከዚያ በፊት ነው" ተባለች። እንግሊዞችም ነገሩን አልደገፉትም። እንደምንም እ.ኤ.አ. በ1948 ኢትዮጵያ የ10 ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች። ባዶሊዮ አለበት፣ ግራዚያኒ አለበት፣ ኮርቴሴ አለበት፣ የአማራ ግዛት ገዥ የነበረው ጄኔራል አሌሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊም አለበት። ኮሚሽኑ ክሱ መነሻ አለው ብሎ ተቀበለ። ከዚያስ? ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ግራዚያኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950 ጣሊያን ውስጥ 19 ዓመት ተፈርዶበታል። ግን በእኛ ምክንያት እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርመኖች ጋር ስለተባበረ ነው። እሱንም ሳይጨርስ በዚያው ዓመት ተፈታ። እ.ኤ.አ. በጥር 1955 ሮም ውስጥ በሕመም ሞተ።

እ.ኤ.አ. 1955ን ያዟት። የስድስት ኪሎው ሐውልት ዓመት እሷው ናት። ገዳዩ ሳይጠየቅ በሞተበት ዓመት ምስክሩ ቆመ።

ነሐሱን የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ሁለቱም ተራ ሰዎች አይደሉም። ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ "ሰላም" የሚል ስም ያላት በፈረስ የተቀመጠች የነሐስ ሴት አለች፤ የአውጉስቲንቺች ሥራ ናት። ቤልግሬድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፋኩልቲ ፊት ለፊት የተቀመጠው የኒኮላ ቴስላ ነሐስ የክርሺኒች ነው፤ ቅጂው አሜሪካ ናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ይገኛል።

ለምን ዩጎዝላቪያ? አንደኛው ምክንያት የጊዜው ፖለቲካ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፣ ቲቶ ደግሞ በ1955 መጨረሻ አዲስ አበባ መጡ። ወዳጅነቱ የጠነከረበት ወቅት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። እነዚህ ሰዎች ፋሺዝምን በመጽሐፍ አይደለም ያወቁት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 አገራቸውን ወርራለች። ክርሺኒች የተወለደባት የኮርቹላ ደሴት በጣሊያን ጦር ተይዛ ነበር። አውጉስቲንቺች የቲቶን አርበኞች ተቀላቅሎ እስከ ከፍተኛ አመራር ደርሷል።

ቅድም የጠራሁትን ፒርዚዮ ቢሮሊን አስታወሳችሁት? ከኢትዮጵያ ሲመለስ ጡረታ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1943 የሞንቴኔግሮ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሞንቴኔግሮ ማለት የዩጎዝላቪያ ክፍል ነው። ጎንደር ላይ የሠራውን እዚያም ደገመው፤ አርበኛ በተነሳበት መንደር ላይ ቂሙን ተወጣ። ዩጎዝላቪያም ይሰጠን ብላ ጠየቀች፤ እሷም አላገኘችውም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሮም ውስጥ ሞተ። ስለዚህ እነዚያ ቀራፂዎች የስድስት ኪሎን ሬሳ ሲቀርፁ የባዕድ አገር ኀዘን እየቀረፁ አልነበረም። በእነሱም በእኛም ላይ የሠለጠነው ጄኔራል አንድ ነበር፤ ሁለቱም አገሮች ፍርድ ጠይቀው ፍርድ አላገኙም።

አሁን ነሐሱን እንየው። ስታዩት ፈረስ አትፈልጉ። ፒያሳ የለመድነው ሐውልት አንድ ታላቅ ሰው ነው፤ ንጉሥ ወይም ጳጳስ ወይም ጀግና። እዚህ ግን ዋናዎቹ ባለታሪኮች ስም የላቸውም። መሣሪያ የያዘ ወታደር አለ፣ የወደቀ ሰው አለ፣ የሚያለቅስ አለ። ንጉሠ ነገሥቱና ካህናቱም አሉ፤ ግን ሟቹን የሚሸኙ ለቀስተኞች ሆነው ነው። ማዕከሉ ሟቹ ነው። ምጽዋት ሊቀበል መጥቶ የቀረ ድሃ በነሐስ ሲቀረፅ በአገራችን ብዙ አላየንም።

ቀረብ ብላችሁ ቀለሙንም እዩ። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኝ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ይጥላል፤ ውስጡ ግን አይበላሽም። ደጅ ለሚቆም ምስል የተመረጠው ለዚህ ነው። አሠራሩ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሙዚየሙ ውስጥ ገብታችሁ የመስቀሎቹን ስብስብ ተመልከቱ። የእኛ አንጥረኞች መጀመሪያ መስቀሉን በሰም ይሠሩታል፣ በሸክላ ጭቃ ያለብሱታል፣ በእሳት ሲያሞቁት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ቅኔ ላይ "ሰምና ወርቅ" የምንለው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። የስድስት ኪሎውንም ነሐስ እንደዚያ ማንበብ ይቻላል። ሰሙ ኀዘን ነው፤ ወርቁ ክስ ነው።

ፋሺስቶችም ነሐስ ክስ መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ሲገቡ ገና በጠዋቱ ከሐውልት ጋር የተጣሉት። በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ባለ ፈረስ ነሐስ ነቅለው ቀበሩት፤ አድዋን አስታዋሽ ነዋ! ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ለገሐር ጣቢያ ፊት የቆመውን በወርቅ የተለበጠ የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ጭነው ሮም ወሰዱት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። ከናዝሬት በባቡር ይመላለሱ የነበሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለገሐር ሲወርዱ የሚቀበላቸው ያ አንበሳ ነው። የዘርዓይ ደረስ ታሪክ ከዚሁ አንበሳ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን ብቻውን እጽፈዋለሁ።

ከነሐሱ በር ተሻግረን ወደ ግቢው እንግባ። ሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚጠመዘዝ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ወጥታችሁ የትም አትደርሱም። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የገዛበት አንድ አንድ ዓመት ነው። ከታች ጀምሮ እያደገ የሚሄድ፣ መጨረሻ የሌለው አገዛዝ ነን ማለታቸው ነው። ስንት እርከን እንዳለው ስትሄዱ ራሳችሁ ቁጠሩ፤ መልሱን አልነግራችሁም።

ነጻነት ሲመጣ ያንን ደረጃ በዶማ ማፍረስ ቀላል ነበር። ማንም አይፈርድም ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። ደረጃው እንዳለ ቀረ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበት። በቃ! ቃል ሳይጻፍ ታሪኩ ተጠናቀቀ። የወጣችሁት ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው እንደማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት በአንድ ግቢ ውስጥ አላየሁም።

አሁን እሳት ያለበትን ነገር ላንሳ። በአገራችን ሐውልት ማለት ጠብ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሐረር ላይ የራስ መኮንን ባለ ፈረስ ነሐስ ሲወርድ ሁላችንም አይተናል። እሱም የአውጉስቲንቺች ሥራ ነበር። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል ያ ቀን ያስደሰተው አለ፣ ያስለቀሰውም አለ፤ ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ፣ ሁለታችሁም ተማሪዎቼ ናችሁ። ማን በፈረስ መቀመጥ ይገባዋል የሚለውን ክርክር ዛሬ አልፈታውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስድስት ኪሎ ላይ በፈረስ የተቀመጠ የለም። የሞተው ኦሮሞም አማራም ጉራጌም ትግሬም ነው፤ ቦምቡን የወረወሩት የኤርትራ ልጆች ናቸው። ገዳዩ ቤት ሲያቃጥል በሩ ላይ ቆሞ ቋንቋ አልጠየቀም። በዚህ ነሐስ ፊት አብረን መቆም ካቃተን የት ነው የምንቆመው?

ደግሞ ምስክር ካልተጠበቀ ሌላው የራሱን ምስክር ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። አዎ፣ ለዚያው ግራዚያኒ። ብዙ ጣሊያኖች ራሳቸው ተቃውመዋል፣ ይህንንም መናገር ፍትሐዊ ነው። ግን ተሠርቷል። በዓለም ላይ ስለ አንድ ሰው ሁለት መታሰቢያ አለ ማለት ነው፤ አንዱ እሱን ያከብራል፣ አንዱ የገደላቸውን ያስባል። የእነሱን ለማፍረስ አቅም የለን ይሆናል። የእኛን ማንበብ ግን አቅም አይጠይቅም።

የመጨረሻው ነጥቤ ለልጆቹ ነው። ፋሺስቶች በዚያ ሳምንት የተማረውን ወጣት ለይተው ያደኑት በአጋጣሚ አልነበረም። መጻፍ የሚችል፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ነገ አገር የሚመራ ትውልድ እንዳይኖር ነው። 25 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ያው ገነተ ልዑል ግቢ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ድሃው ተሰብስቦ የተረሸነበት ግቢ የድሃ ልጅ ዲግሪ የሚይዝበት ሆነ። ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ስንት ልጅ እዚያ በር ገብቶ ዶክተር ሆኖ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ መምህር ሆኖ ወጥቷል! ፍርድ ቤት ያልሰጠን መልስ አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አደራዬ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ለጉዳይም ሆነ ለትምህርት ስትሄዱ ስድስት ኪሎ ላይ ውረዱ። ሐውልቱን ከሩቅ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ፤ ዙሩት። እያንዳንዱን ቅርጽ እዩ፣ ፊታቸውን እዩ። ከዚያ በሩን አልፋችሁ ደረጃውን ቁጠሩ፣ ሙዚየሙን ግቡ። ልጅ ካላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በየካቲት 12 ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ማክሰኞ። ቆቃ ሄዳችሁ ዓሣ ስትበሉም ደግሞ ይህ ውሃ የምን ካሳ እንደሆነ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ከቤተሰባችሁ የካቲት 12ን ያየ አያት ወይም ቅድመ አያት የነበራችሁ ካላችሁ፣ ሲነገር የሰማችሁትን ከታች ጻፉልን። ትንሽ ነች ብላችሁ አትናቋት። ስም ያልተጻፈላቸው ሰዎች የሚታወሱት እንዲህ ነው።

ክብር ለሰማዕታቱ። ቸር ያሰማን።